አዲስ ቨርዥን ሲወጣ ዌብሳይቱ በራሱ ይለጥፍ፦ ዛፒየር፣ ጊትሃብ አክሽንስ ወይስ አርኤስኤስ?

ሐዋሳ ላይ ለፋርማሲ ወይም ለሆቴል ሶፍትዌር እየሠራችሁ፣ ኮዳችሁ ጊትሃብ (የኮድ ማስቀመጫ) ላይ፣ ዌብሳይታችሁ ደግሞ በዎርድፕሬስ (የዌብሳይት መሥሪያ) ከሆነ ይህ ንጽጽር ለእናንተ ነው። የታወቀ ነገር ነው፤ ማስታወቂያውን የሚለጥፈው ልጅ ሁሌ ሌላ ሥራ ይይዘዋል። ሶፍትዌሩ ሦስት ቨርዥን ሄዶ ዌብሳይቱ ገና የአምናውን ያወራል።

ዛፒየር፣ አንዱን የኦንላይን አገልግሎት ከሌላው የሚያገናኘው፣ ኮድ ለማይጽፍ ሰው ነው። «ጊትሃብ ላይ ሪሊዝ (አዲስ ቨርዥን) ሲወጣ ዎርድፕሬስ ላይ ጽሑፍ ፍጠር» ብላችሁ ታገናኛላችሁ፣ አለቀ። ብዙ ሰው ክፍያው በዶላር መሆኑን ሲያይ ይሸሻል። ግን ነፃው ፕላን ባለ ሁለት ደረጃ ግንኙነትና በወር 100 ተግባር ይፈቅዳል፤ የእኛው ደግሞ ሪሊዝና ጽሑፍ፣ ሁለት ደረጃ ብቻ ስለሆነ እዚያው ውስጥ ይገባል። በወር መቶ ሪሊዝ የሚያወጣ ቡድን ካለ ችግሩ ሌላ ነው! የዶላር ካርድ ፍለጋ የምትገቡት ደረጃ መጨመር ስትፈልጉ ነው።

የእኔ ምርጫ ጊትሃብ አክሽንስ ነው፤ ጊትሃብ ራሱ በፋይል የጻፋችሁለትን ሥራ በራሱ የሚያስኬድበት። ሪሊዙ ሲታተም ይነሳና በዎርድፕሬስ ኤፒአይ (ፕሮግራሞች የሚገቡበት በር) በኩል ጽሑፉን ያስገባል። የግል ሪፖ (ለሌላ ሰው የማይታይ የኮድ ማከማቻ) ላላቸው ነፃ አካውንቶች በወር 2,000 ደቂቃ አለ፤ ለዚህች ሥራ ከበቂ በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው ዎርድፕሬስ 5.6 ጀምሮ ለአንድ ፕሮግራም ብቻ የሚሰጥ «አፕሊኬሽን ፓስወርድ» ስላለ ዋናውን ፓስወርድ አሳልፎ መስጠትም ቀርቷል።

አንድ ወጥመድ አለው። ሪሊዙን የፈጠረው ሌላ አክሽን ከሆነና ጊትሃብ በራሱ በሚሰጠው ነባሪ ቶክን (የመግቢያ ቁልፍ) ከተጠቀመ፣ የእናንተው አይነሳም። ኤረር የለ፣ ምን የለ፤ ጭጭ ነው። አክሽኖች እርስ በርስ እየተጠራሩ ማቆሚያ እንዳያጡ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። የራሳችሁን ቶክን ስጡት፣ ወይም ሁለቱንም ሥራ በአንድ ፋይል አድርጉት።

የትኛውንም ብትመርጡ ግን ጽሑፉ መጀመሪያ ድራፍት (ገና ያልታተመ ረቂቅ) ሆኖ ይግባ። ዴቨሎፐሩ «ፊክስ፦ ኢንቮይስ ላይ ነል ኤረር» ብሎ ይጽፋል። አቶቴ ሰፈር ላለችው ፋርማሲስት ይህ ምኗ ነው? እሷ የምትፈልገው ደረሰኝ ሲታተም ፕሮግራሙ መዘጋቱ ቀረ ወይስ አልቀረም የሚለውን ነው። አንድ ሰው ቡናውን እየጠጣ በአማርኛ አስተካክሎ ይልቀቀው። ሙሉ አውቶማቲክ አይደለም፤ ይሁን።

አርኤስኤስ ፕለጊን (ዎርድፕሬስ ላይ የሚጨመር) ለመጀመር ቀላሉ ነው፤ የጊትሃብን የሪሊዝ ፊድ፣ ማለትም አዳዲስ ቨርዥኖች የሚዘረዘሩበትን ፋይል፣ እያነበበ ይለጥፋል። የግል ሪፖ ካላችሁ ግን እርሱት፣ ፊዱ አይከፈትለትም። ሌላው ችግር፣ የዎርድፕሬስ ሰዓት ቆጣሪ የሚሠራው ሰው ዌብሳይቱን ሲከፍት ነው። ጎብኚ ከሌለ ዓርብ ማታ ያወጣችሁት ሰኞ ጠዋት ሊታይ ይችላል። ሆስቲንጋችሁ የራሱ ክሮን (ሥራ በሰዓቱ የሚያስነሳ) ካለው በእሱ አስነሱት።

ዌብሳይታችሁ ዎርድፕሬስ ሳይሆን ጊትሃብ ፔጅስ (ጊትሃብ ራሱ ዌብሳይት የሚያስቀምጥበት) ላይ ያለ ተራ ገጽ ከሆነ ብዙ አታስቡ፤ አክሽንስን ያዙ።