ፍተሻ ወይስ ቶርፒዶ? የገለልተኛ አገር መርከብ በጦርነት ጊዜ

እኛ ቃሊቲ ከጅቡቲ የሚመጣውን ከባድ መኪና ስናይ ነው የምንውለው፣ ስለዚህ ባህር ሲዘጋ ጦርነቱ ውስጥ የሌለበት አገር መርከብ ምን ይሆናል የሚለው ነገር በጣም ያሳስበኛል። አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ ሁለቱም መንገድ ታይቷል።

እንግሊዝ ጀርመን ወደብ ደጃፍ ላይ አልቆመችም፣ ፈንጂና ሰርጓጅ መርከብ አለዋ፣ ከሩቅ ሆና የሰሜን ባህርን መግቢያ ያዘች። የኖርዌይ ወይ የአሜሪካ መርከብ ሲመጣ አስቁመው ስኮትላንድ ሰሜን ያለው ኪርክዋል ወደብ ይወስዱትና ወረቀቱን አይተው ጭነቱን ይፈትሹታል፣ ለጀርመን የሚሄድ ከተገኘበት ይያዛል ካልሆነ ይለቀቃል። በ1916 እ.ኤ.አ ደሞ ናቪሰርት መጣ፣ ጭነቱ ገና ሳይነሳ ተጣርቶ ማለፊያ ይሰጠዋል፣ ይሄ እውነት አሪፍ አሰራር ነው።

ጀርመን ግን በሰርጓጅ ሄደች፣ ሰርጓጅ ደግሞ ጠባብ ናት፣ የያዘችውን መርከብ ነድቶ ወደብ የሚያደርስ ትርፍ ሰው የላትም። ከፌብሩዋሪ 1917 ጀምሮ ያለገደብ፣ ያለማስጠንቀቂያ በቶርፒዶ (ውሃ ውስጥ ሄዶ መርከብ ላይ የሚፈነዳ መሳሪያ) ማስመጥ ሆነ፣ በኤፕሪል አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ገባች።

ለኔ ፍተሻው ይሻላል፣ የተያዘ ጭነት ፍርድ ቤት ይከራከሩበታል፣ የሰመጠ መርከበኛ ግን በምን ይመለሳል? ንጹህ ነው ማለቴ ግን አይደለም፣ ምግብም ተከልክሎ ጀርመን ውስጥ ብዙ ሲቪል ተርቧል፣ ተኩስ ከቆመ በኋላ እንኳን እገዳው እስከ ጁላይ 1919 ቀጥሏል።