ቦቫንስ፣ ኮኮክ፣ ሳሶ ወይስ የሀበሻ? ሴቷን ለይቶ ለመግዛት

እንቁላል ፈልጎ ጫጩት የገዛ ሰው ወራት ቀልቦ ግማሾቹ አውራ ሆነው ሲጮኹ ቢሰማ፣ መኖ እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ብዙ ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ዝርያ ብዙ ይጥላል?» ብሎ ነው። እኔ ግን «በምገዛበት ዕድሜ ሴት መሆኗን በምን አውቃለሁ?» የሚለው ይቅደም እላለሁ። መልሱ ከዝርያ ዝርያ በጣም ይለያያል።

የአንድ ቀን ጫጩት መግዛት ለሚፈልግ ሰው ቦቫንስ ብራውንንና ሎማን ብራውንን የሚያህል የለም። እንደተፈለፈሉ በቀለም ይለያሉ፤ ሴቷ ቡናማ ናት፣ ወንዱ ነጣ ያለ ቢጫ ነው። ይህ የሆነው ወላጆቻቸው ታስቦበት ስለተዳቀሉ ነው። አባትየው የቀይ ላባ ዘር አለው፣ እናትየው የነጭ፤ እናት ደግሞ ይህን ዘር የምታወርሰው ለወንድ ልጆቿ ብቻ ነው። ስለዚህ ካርቶኑን ከፍቶ በዓይን ማረጋገጥ ይቻላል። ቡናማዋ ጀርባዋ ላይ ፈዘዝ ያለ መስመር ቢኖራት አያሳስብም። ነጣ ያሉትን በርካሽ ይዞ «ቦቫንስ ናቸው» የሚል ሻጭ ከመጣ ግን፣ ዝርያው እውነት ቢሆንም እንቁላል አይገኝባቸውም። ለሥጋም ቢሆን ቶሎ አይሞሉም፤ የእንቁላል ዝርያ ወንድ ሰውነቱ ቀላል ነውና።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ የቀለሙ ምልክት የሚሠራው ከማስፈልፈያ ድርጅት በወጣው ትውልድ ላይ ብቻ ነው። ጎረቤት የራሱን ቦቫንስ አውራና ሴት አገናኝቶ ያስፈለፈላቸው ጫጩቶች ወንዱም ሴቱም ቡናማ ወይም ነጣ ያለ ሊሆን ስለሚችል፣ በቀለም መግዛት ዕድልን መሞከር ነው።

ኮኮክ በ1950ዎቹ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዳቀለ፣ ላባው ገብስማ የሆነ ዝርያ ነው። ጫጩቱ ጥቁር ሆኖ ይፈለፈላል፤ የወንዱ አናት ላይ ነጭ ምልክት ጎልቶ ይታያል፣ የሴቷ ግን ጠባብ ነው ወይም ጭራሹ የለም። እንደ ቦቫንስ ቁርጥ ያለ ልዩነት ስላልሆነ፣ መሃል ላይ ያሉትን ጫጩቶች ትቶ በጣም ጥቁሮቹን መምረጥ ይሻላል። ሲያድጉም ቀለማቸው ያግዛል፤ ወንዱ ግራጫነቱ ሳሳ ይላል፣ ሴቷ ጠቆር ትላለች። ገብስማዎቹን ጎን ለጎን ሲያቆሟቸው ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

ሳሶ ብዙ ጊዜ ገዢ እጅ የሚደርሰው አሳዳጊዎች 45 ቀን ገደማ ካቆዩት በኋላ ነው፤ ለመለየትም ዕድሜው ጥሩ ነው። ላባው የተለያየ ቀለም ስላለው በቀለም አይመኩ፤ አናቱን ይዩ። ወንዱ አናቱ ላይ የሚበቅለው ሥጋ ከፍ ብሎ ወደ ቀይነት ይሄዳል፣ የሴቷ አጭርና ቢጫነት ያለው ነው። የወንዱ እግር ወፍራም፣ ቁመቱም ረዘም ያለ ነው። ብዙውን ጊዜ ወንዱ ጀርባውና ትከሻው ላይ ላባ ዘግይቶ ስለሚሞላ ሳስቶ ይታያል። አንዷን ብቻ አንስቶ መፍረድ ግን ያሳስታል፤ በአንድ ቀን የተፈለፈሉትን አምስት ስድስት ዶሮ አሰልፎ ማወዳደር ያስፈልጋል። ሳሶ ላይ ብሳሳት እንኳ ብዙም አይከፋኝም፤ ወንዱ ሥጋ ስለሚይዝ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና ወይም ለፋሲካ በደህና ዋጋ ይሸጣል።

በጣም አስቸጋሪው የሀበሻው ነው። ጫጩት ሳለ የሚያስተማምን ምልክት የለውም። ብዙዎቹ አናታቸው ላይ ያለው ሥጋ በተፈጥሮው ዝቅ ያለ ስለሆነ በ45 ቀንም አውራው ቄብ (መጣል ያልጀመረች ወጣት ሴት ዶሮ) ይመስላል። ጉትዬ ያለው ከሆነ ደግሞ አናቱ ጨርሶ ይሸፈናል። የሀበሻ ዶሮ ለሚፈልግ ሰው ሦስት ወር ያለፋትን ቄብ እንዲገዛ እመክራለሁ። ሲገዙ ዶሮዋን በአንድ እጅ ይያዙና ከጭራዋ በላይ ወገቧ ላይ ያለውን ላባ በጣትዎ ገለጥ ያድርጉ። ላባው ጠባብ፣ ጫፉ የሾለና የሚያብረቀርቅ ከሆነ አውራ ነው። ጫፉ ሰፋ ብሎ ክብ ከሆነ ሴት ናት። የአንገቱ ላባም እንደዚሁ ነው። ከዚህ የበለጠ እርግጠኛ ምልክት አላውቅም፤ እዚህ ለጠቀስኳቸው ዝርያዎች ሁሉ ይሠራል።

የሾለ እንቁላል ወንድ፣ ክብ እንቁላል ሴት ይፈለፍላል የሚባለውን፣ ጫጩትን በእግሯ ዘቅዝቆ መያዝንም ይርሷቸው። ክንፍን ዘርግቶ የላባ ርዝመት ማየት የሚሠራው ለዚሁ ተብለው በተዳቀሉ ዝርያዎች ላይ ብቻ፣ ያውም በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ነው። የጫጩትን መጸዳጃ ገልጦ መለየት የሠለጠነ ባለሙያ ሥራ ነው፤ ባልለመደ እጅ ጫጩቷ ትጎዳለች፣ ትሞታለችም።

ወደ ዋጋው ስንመጣ የአንድ ቀን ጫጩት ርካሽ ነች፤ ግን የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሌሊትና ቀን ሙቀት ትፈልጋለች፣ መብራት በጠፋ ቁጥርም ያሳስባል። የ45 ቀኗ ይህን አልፋለች። ቄብ ከሁሉም ውድ ናት፣ ነገር ግን ጾታዋ ታውቆ፣ ለመጣል የቀራት ጊዜ አጥሮ ነው የምትገዛው። ለእንቁላል ብቻ አራት አምስት ዶሮ ለሚፈልግና ጫጩት አሳድጎ ለማያውቅ ሰው የቄብ ዋጋ አይበዛም። ሙቀት የሚሰጥበት ቦታና ጊዜ ያለው ቡናማ ቦቫንስ ይውሰድ። እንቁላልም የበዓል ዶሮም የሚፈልግ ቤተሰብ ሳሶውን በ45 ቀኑ አሰልፎ ይምረጥ። ሁሉም ግን ከመክፈላቸው በፊት የፈንግልና የጉምቦሮ (ሁለቱም የዶሮ በሽታዎች ናቸው) ክትባት መቼ እንደተሰጠ ሻጩን ይጠይቁ።