ሰፊው ወይስ ጠባቡ? ሁለቱ የጥድ ዛፍ ሽልንጎች

ጆን ሀል እና ሮበርት ሳንደርሰን በቦስተን ያተሙት የማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት ሽልንግ የተባለ የብር ሳንቲም፣ የጥድ ዛፍ ምስል ያለበት፣ በሁለት መልክ ይገኛል። ሁለቱም 1652 (እ.ኤ.አ.) የሚል ዓመት ተቀርጾባቸዋል፤ ዓመቱ ግን አያታልላችሁ። ሰፊው ከ1667 እስከ 1674፣ ጠባቡ ከ1675 እስከ 1682 ገደማ እንደተሠራ ይታመናል። የሁለቱም ሕጋዊ ክብደት 72 ግሬን፣ ወደ 4.67 ግራም ነው።

ሰፊው ስስ ስለሆነ ቶሎ ይጎብጣል፤ ጠርዙም ብር ቆርጠው ለሚሰርቁ መቀሶች የተመቸ ነበር። ስለዚህ የሳንቲሙ ይዞታ ታይቶ ደረጃ ሲወጣለት የዛፉን ቅርንጫፎች ከማየት በፊት ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ይበጃል፤ ክብደቱ ከጎደለ ጠርዙን አጥብቃችሁ መርምሩ። ጠባቡ ወፍራም ነው፤ መጎበጥን በተሻለ ይቋቋማል፣ ለጀማሪም ይቀላል። እኔ ግን ትንሽ ቢጎብጥም፣ ዙሪያ ጽሑፉ ያልተቆረጠ ሰፊ ሽልንግ ባገኝ ጠባቡን ዞር ብዬም አላየው።