ደንበኞቼን እያስወጣ ያስቸገረኝን ድረ ገጽ ላስተካከለልኝ ልጅ፦ ከልብ አመሰግናለሁ

የትምህርት ቁሳቁስ የምሸጥበትን ድረ ገጽ በጃንጎ (ድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፍ ነው) የሠራሁት ራሴ ነኝ። ደንበኛ በስልክ ቁጥሩ እንዲገባ ብዬ የተጠቃሚውን መረጃ የሚይዘውን ሞዴልና የመግቢያውን ኮድ እንደ አዲስ ጻፍኩት። ላፕቶፔ ላይ እንከን አልነበረውም። ሰርቨር ላይ ከወጣ በኋላ ግን፣ ያውም ወላጆች ደብተርና ቦርሳ በሚያዙበት በነሐሴ መጨረሻ፣ "ገብቼ ነበር፣ መልሶ ግባ ይለኛል"፣ "የመረጥኩት ዕቃ ጠፋብኝ" የሚል ስልክ እረፍት ነሳኝ። አንዲት እናት የሦስት ልጆቿን ዝርዝር አራት ጊዜ ሞልታ ተስፋ ቆርጣ ተወችው። ያን ቀን አልቅሻለሁ።

ቀድሞ ያየው ባለሙያ የሴሽኑን፣ ማለትም ደንበኛው መግባቱንና የመረጠውን ዕቃ የሚያስታውሰውን መዝገብ፣ ዕድሜ አስረዘመና ሄደ። ጃንጎ ቅንብሩን ማንም ሳይነካው 2 ሳምንት የሚቆይ ሴሽን ይሰጣል፤ የእኔ ደንበኞች የሚወጡት በ2 ደቂቃ ውስጥ ነበር።

ይህን ልጅ ያገኘሁት በጓደኛዬ በኩል ነው። ኮዱን ከመክፈቱ በፊት አጠገቤ ቁጭ ብሎ እንድገባና ገጹን ደጋግሜ እንዳድስ ጠየቀኝ። አንዴ ስሜ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል፣ ብራውዘሩ ውስጥ ያለው ኩኪ (ድረ ገጹ ደንበኛውን የሚለይበት ትንሽ መረጃ) ግን ያው ነው። "ጉኒኮርንሽ ስንት ወርከር አለው?" አለኝ። ጉኒኮርን ሰርቨሩ ላይ ድረ ገጹን የሚያስነሳው ፕሮግራም ነው፤ ወርከሮቹ ደግሞ የደንበኞችን ጥያቄ ተከፋፍለው የሚያስተናግዱ ሠራተኞቹ ናቸው። የእኔ 3 ነበረው። ወደ 1 ሲያወርደው ችግሩ ድራሹ ጠፋ።

ምክንያቱ ሴቲንግ ውስጥ ያለች አንዲት መስመር ነበረች። ጃንጎ ሴሽኖችን የሚፈርምበት ሚስጥራዊው ቁልፍ ከሰርቨሩ ካልተገኘ አዲስ ፍጠር ብዬ ጽፌያለሁ፤ ሰርቨሩ ላይ ደግሞ ቁልፉን ማስቀመጥ ረስቻለሁ። ስለዚህ ሦስቱ ወርከሮች ሲነሱ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቁልፍ ይፈጥራሉ። አንዱ የፈረመውን ሴሽን ሌላው ሲያነበው ፊርማው አልገጥም ይለውና ደንበኛውን እንደማያውቀው እንግዳ ይቆጥረዋል። የባሰው ደግሞ ደንበኛው በዚያው ቅጽበት ዕቃ ሲጨምር ነው፤ አዲስ ቅርጫት በድሮው ላይ ይጻፍበታል። የዚያች እናት ዝርዝር የጠፋው እንዲህ ነው። ላፕቶፔ ላይ አንድ ወርከር ብቻ ስለሚሠራ በጭራሽ ላየው አልችልም ነበር።

አንድ ቋሚ ቁልፍ ሰርቨሩ ላይ አስቀመጠ፣ ቁልፍ ከሌለ ደግሞ ድረ ገጹ ጭራሽ እንዳይነሳ አደረገው። ሁሉም ደንበኛ እንደገና መግባት እንዳለበት አስቀድሞ ነግሮኝ ሥራውን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ጨረሰው። በዚያው ሌላም ነገር አሳየኝ፦ በ09 የተመዘገበ ሰው በ+251 ሲሞክር መግባት አይችልም ነበር። አሁን ሁሉም ቁጥር ከመመዝገቡም ከመፈለጉም በፊት ወደ አንድ መልክ ይቀየራል።

እኔን በጣም የነካኝ ግን ጥንቃቄው ነው። የእኔን የይለፍ ቃል አልቀበልም ብሎ ለራሱ የተለየ መግቢያ አስከፈተኝ፣ ሲጨርስ ደግሞ ቁጭ ብሎ አስዘጋኝ። ያስከፈለኝም የሠራበትን ሰዓት ብቻ ነው።

የዲዛይን ሥራ አይቀበልም፣ ስልክም ቶሎ አያነሳም፤ ቴሌግራም ላይ ግን በዚያው ቀን ይመልሳል። በመግቢያና በሴሽን ጉዳይ የተቸገራችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱም ስለፈቀደልኝ አድራሻውን እልክላችኋለሁ።