በ«ሐ» እና በ«ሃ» መካከል የቀረ ፍልውሃ

ሰበታ ዳር ከምንኖርበት ሰፈር ወደ አስፋልቱ በሚያወጣው መንገድ ላይ ካለች አንዲት የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ሱቅ በ120 ብር የገዛኋት የመስቀለኛ ቃላት መድብል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምታወራው ስለ አበባ ነው። 20 ሠንጠረዦች አሏት፤ በእያንዳንዱም አግድምና ቁልቁል የሚሞሉት ቃላት ካለቁ በኋላ፣ ጠቆር ተደርገው የታተሙት ሣጥኖች በተሰጣቸው ቁጥር መሠረት በተራ ሲነበቡ አንድ ስውር ቃል ይወጣል።

እንዲህ ያለውን ጨዋታ በእኛ ፊደል ማዘጋጀት ቀላል እንዳይደለ አንድ ሠንጠረዥ የሞከረ ሁሉ ይረዳዋል። በ«ጽጌረዳ» ሦስተኛ ሣጥን ላይ የሚያቋርጠው ቃል ራሱን «ረ»ን መያዝ አለበት፤ «ራ»ም ሆነ «ር» አይተካውም። አዘጋጁ እዚያ ላይ «ክረምት»ን ቁልቁል አውርዶ ማገናኘቱን ሳይ ባርኔጣዬን ባወልቅለት አይከፋኝም ነበር።

ፍንጮቹ አገርኛ ናቸው። እሾኻም፣ አበባው ነጭ፣ ቀይ ፍሬው የሚበላ፣ በሁለት ሣጥን ሲባል «ቀጋ» ወዲያው መጣልኝ። «ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ወቅት መጠሪያ» የሚለው ግን አቆመኝ፤ አሳቤ ሁሉ አደይ ላይ ስለነበረ ሦስት ፊደል በሁለት ሣጥን ለማስገባት ስታገል እናቴ ከእንዝርቷ ቀና ብላ፣ «ጽጌ ነዋ ልጄ! ማኅሌቱ የሚቆምበትን ወር ረሳኸው እንዴ?» አለችኝ። ወደ ውጭ የሚላክ ጽጌረዳ በምን ደረጃ እንደሚቆረጥ ለሚጠይቀው ባለ አራት ሣጥን ፍንጭም «የፈካው» ብዬ ጽፌ ነበር። አበባ እርሻ ውስጥ የምትሠራው ጎረቤታችን ቡና ልትጠጣ መጥታ አየችውና ሳቀች፤ «ፈክቶ ከተቆረጠማ መንገድ ላይ ይረግፋል፤ እኛ የምንቆርጠው እምቡጡን ነው» ብላ እርሳሱን ከእጄ ወሰደች።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከስውር ቃሉ ነው። የመጀመሪያው ሠንጠረዥ የሚጠይቀው እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው ቤት ያሠሩበትን፣ የአዲስ አበባ ስምም የተነሣበትን ሥፍራ ስለሆነ መልሱ ፍልውሃ መሆኑ አያጠራጥርም። «ፍ» ከሱፍ፣ «ል» ከጠምበለል መጨረሻ፣ «ው» ከለውዝ ተለቀሙ። የመጨረሻው ፊደል የሚገኘው የቀለም ስም ከሆነው ከ«ሐምራዊ» መነሻ ነው፤ እኔም እንደተማርሁት በሐመሩ «ሐ» ስለጻፍሁት ስውር ቃሌ «ፍልውሐ» ሆኖ ቁጭ አለ። መልሱን ባየው አዘጋጁ «ሃምራዊ» ብሎታል። ሞክሼ ፊደላትን አቀላቅሎ መጻፍ ዛሬ የተለመደ ቢሆንም፣ «ውሃ»ንም «ውኃ» ብለው የሚጽፉ ብዙዎች ስላሉ፣ በዚያች በአንዲት ሣጥን ውስጥ ሦስት ሰው ሦስት ዓይነት ፊደል ቢጽፍ ሦስቱም የሚሟገትበት አያጣም። ሞክሼዎቹ እንደ አንድ ፊደል እንደሚቆጠሩ በመግቢያው ላይ በአንድ መስመር ቢነገረን ኖሮ እኔም ግማሽ ሰዓት ሙሉ ከላጲስ ጋር ባልታገልሁ ነበር። ይኸው ስሕተት በ«ጸ» እና በ«ፀ» ምክንያት ሌሎች ሁለት ሠንጠረዦች ላይም ገጥሞኛል።

ወደ መጨረሻ ያሉት አራት ሠንጠረዦች የካርኔሽንና የመሰሎቹ የፈረንጅ አበቦች ስሞች ስለበዙባቸው ብዙም አልማረኩኝም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ለሁለተኛ ጊዜ ሁለት ቅጂ ገዝቻለሁ፤ አንዱ ለጎረቤታችን ነው። ለመግዛት ያሰበ ሰው በእስክሪብቶ ባይጀምር ይሻለዋል፤ ወረቀቱም ስስ ስለሆነ ላጲሱን ቀስ አድርጎ ያሳርፈው። የእያንዳንዱ ሠንጠረዥ መልስ የታተመው በዚያው ገጽ ጀርባ ላይ በመሆኑ ብርሃን ሲያርፍበት ወደ ፊት ያሳያል፤ እኔ ከሥሩ የስኳር ካርቶን ቁራጭ እያስገባሁ ነው የምሠራው።