ዲንሾ ላይ ልጆቼን ዓሣ ማጥመድ ላስተማረው ወጣት

ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ከባሌ ተራሮች በተመለስን ማግስት ነበር። ሦስት ሳምንት ያዘገየኝ ስንፍና ብቻ አይደለም። የማመሰግነው ሰው፣ ዲንሾ ላይ እንግዳ የሚመራ ወጣት፣ ስሙንም ስልኩንም አደባባይ እንዳላወጣበት ስለለመነኝ፣ ስም የሌለው ምስጋና ምን ይረባል እያልኩ ሳመነታ ቆየሁ። «ሥራ የምንይዘው በማኅበራችን ተራ ነው። ስሜን ከጠሩት ሰው ሁሉ እሱን አምጡልን ይላል፤ ጓደኞቼ ደግሞ ተራቸውን ይዘው ፀሐይ ሊሞቁ ነው» አለኝ። እንዲህ የሚል ሰው በዚህ ዘመን ስንት ጊዜ ይገጥማችኋል? እንግዲህ ስሙን ትቼ ሥራውን ልንገራችሁ።

የነገሩ መነሻ ዴንቨር የሚኖረው ወንድሜ ነው። እዚያ ከሄደ ወዲህ አንድ አባዜ ይዞታል፤ እሱም በላባ ዝንብ ዓሣ ማጥመድ ነው። ባለፈው ዓመት ሲመጣ ለሰባት ዓመቷ ልጄና ለአምስት ዓመቱ ታናሿ አንዲት ለልጅ የምትሆን አጭር ዘንግ ይዞላቸው መጣ። ሌላው ሰው በርበሬና ሽሮ በሚጭንበት ሻንጣ እሱ የማጥመጃ ዘንግ ያመላልሳል።

ለማያውቀው ላስረዳ። በተለመደው ማጥመጃ መንጠቆው ላይ ትል ወይም ሊጥ ይደረጋል፤ ክሩ ላይ የታሰረችው እርሳስ ክብደት ሆና ሩቅ ትወስደዋለች። በዚህኛው ግን መንጠቆው ላይ ያለው ከላባና ከክር የተሠራ፣ እፍ ቢሉት የሚበር የውሸት ዝንብ ነው። ክብደቱ ያለው ገመዱ ላይ ነው። የሚወረወረው ገመዱ ሲሆን ዝንቡ ተከትሎት ይሄዳል። ይህን አሁን እንደ ዐዋቂ አወራዋለሁ እንጂ ያን ጊዜ ጨርሶ አላውቀውም ነበር። ወንድሜ እንደ ተመለሰ ልጆቹን ይዤ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ወረድኩ። ዘንጉን እንደ ጅራፍ አጮህኩት። መጀመሪያ ያጠመድኩት የራሴን ሹራብ ነው፣ ከኋላ፣ እጄ በማይደርስበት በኩል። ትንሹ ልጄ ገመዱ የሚጠቀለልበት ማጠንጠኛ ውስጥ ጭቃ ሞላበት። ጮህኩበት። ልጄ ዝም ብላ ስታየኝ ቆየችና «አባዬ፣ ዓሣ ማጥመድ ማለት መቆጣት ነው?» አለችኝ። ዘንጓ ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ቁም ሣጥን ላይ ተጋደመች።

በጥር መጨረሻ የግማሽ ዓመቱ እረፍት ሲመጣ ወንድሜ በስልክ ነዘነዘኝ፤ ባሌ ውስጥ ትራውት አለ፣ ልጆቹን ውሰዳቸው አለ። እውነቱን ነው። ትራውት ቀዝቃዛና ንጹሕ ወራጅ ውኃ የሚፈልግ ዓሣ ነው። የአገራችን ዓሣ አይደለም፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ የተለቀቀ እንግዳ ነው። ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻ የሚወርደው የወይብ ወንዝ ላይኛው ክፍል በዲንሾ በኩል ሲያልፍ ገና ብርድ ብርድ የሚል የደጋ ውኃ ስለሆነ ተስማምቶታል።

ከአዲስ አበባ በአዳማ፣ በአሰላ፣ በበቆጂና በዶዶላ አድርገን ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነዳን። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ዲንሾ ላይ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ይላል። ማደሪያችን በር ላይ ከርከሮዎች በፊት ጉልበታቸው ተንበርክከው ሣር ይግጣሉ። ትንሹ ልጄ «ይጸልያሉ» አለ። ለእሱ ጉዞው እዚያው ቢያበቃም ቅር አይለውም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት መሪያችን መጣ። ዕድሜው ከሃያዎቹ አጋማሽ አይዘልም፤ ቦቲ ጫማ አድርጓል፣ ትከሻው ላይ አንዲት የቆየች ቦርሳ አንግቷል። ልጆቹን ቁልቁል ቆሞ አላናገራቸውም፤ ቁጢጥ ብሎ ጨበጣቸው። ከዚያ መንጠቆዎቹን ተቀበለኝና ከቦርሳው ፒንሳ አውጥቶ በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ ወደ ኋላ የምትመለሰውን እሾህ ጨፈለቃት። ዓሣውን ይዛ የምታስቀር እሷ ስለሆነች ተቃወምኩ። «ልጅም ይዛ ታስቀራለች» አለኝ። የሹራቤን ታሪክ አልነገርኩትም። ቀጥሎ ሁለቱንም ኮፍያና የፀሐይ መነጽር አስደረጋቸው። ለማማር እንዳይመስላችሁ፣ ዓይናቸውን ከመንጠቆ ለመከላከል ነው።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ዘንጉን ይዘረጋል ብዬ ስጠብቅ ዛፍ ላይ አስደግፎ ተወው። ከቦርሳው ነጭ የቆርቆሮ ሳህን አወጣና ውኃ ቀድቶ አስቀመጠ። ከዚያ ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ውኃ ውስጥ ገብቶ አንድ ድንጋይ ገለበጠ። የድንጋዩ ሆድ ሕይወት ሞልቶታል። በጣቱ እየጠረገ ሳህኑ ውስጥ ከተታቸው፤ ሦስት ጭራ ያላቸው፣ ጎናቸው ላይ የላባ የመሰለ ነገር የሚርገበገብ ጠፍጣፋ እጮች ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱ ግን አሸዋ ይመስላል። ልጆቹ አንገታቸውን አስግገው ሲያዩት አሸዋው መራመድ ጀመረ። ከፊቱ ስድስት ቀጫጭን እግሮችና አንዲት ጥቁር ራስ ብቅ አሉ። የአሸዋ ቅንጣቶችን በምራቁ ክር እየሰፋ ቤት ሠርቶ፣ ያንን ቤት እየጎተተ የሚኖር ትል ነው። የቤት ኪራይ የሌለበት ፍጥረት ብዬ ስቀልድ የሳቀ የለም፤ ሁሉም ሳህኑ ላይ ተደፍተዋል።

«ዓሣው ቁርስ የሚበላው ይህን ነው» አለ መሪያችን፤ ከኮፍያው ላይ አንድ የላባ ዝንብ ነቅሎ ከእጮቹ አጠገብ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አኖረው። «አሁን ንገሩኝ፣ እናንተ ዓሣ ብትሆኑ የትኛውን ትበላላችሁ?» ልጄ ረጅም ጊዜ አየችና የላባውን ጠቆመች። ወፍራም ስለሆነ ነው አለች። ሰዓቴን አየሁ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ አልፏል፤ ማንም ዘንግ አልነካም፣ ማንም አልሰለቸም።

ውርወራውን ያስተማራቸው ከውኃው ርቆ ሣር ላይ ነው። መንጠቆውን ፈቶ በምትኩ ቀይ የሱፍ ክር አሰረ። መሬት ላይ በእንጨት ትልቅ የሰዓት ገጽ ሣለና ዘንጉ ከጭንቅላት በላይ ከሁለት እስከ አሥር እንደሚመላለስ አሳየ። ይህ አቆጣጠር በዓለም ሁሉ የሚያስተምሩበት ነው፤ እሱ ግን ወደ እኛ አገር ሰዓት መለሰው። «ትምህርት ቤት ስንት ሰዓት ትገባላችሁ?» ሁለት ሰዓት። «ስንት ሰዓት ትወጣላችሁ?» አሥር ሰዓት። «በቃ፣ ዘንጉም ተማሪ ነው። ወደ ኋላ ሲሄድ ሁለት ሰዓት ላይ ገብቶ ይቆማል። ደወሉ እስኪደወል ይጠብቃል። ከዚያ አሥር ሰዓት ላይ ይወጣል።» ደወሉ ማለት ገመዱ ከኋላ ተዘርግቶ ቀጥ እስኪል ያለው ጊዜ ነው። ቢሾፍቱ ላይ ጅራፍ ያደረገብኝ ያንን አለመጠበቄ ነበር። የሰባት ዓመት ልጄ እያንዳንዱን ውርወራ «ገባ… ደወል… ወጣ» እያለች በአሥረኛው ላይ ቀዩን ክር የፈለገችበት አሳረፈችው። ትንሹ ክንዱ ስላልጠና መሪያችን ከኋላው ተንበርክኮ፣ እጁን በእጁ ላይ አድርጎ አብሮት ወረወረ። እኔም ተራ ይዤ ተማርኩ። የሚያሳፍረኝ ነገር የለም።

ወደ ውኃው ሲመልሰን በታችኛው በኩል አመጣን። ትራውት ፊቱን ወደ ወራጁ መጪ አዙሮ ስለሚቆም ከኋላው የሚመጣውን ቶሎ አያይም፤ የኮቴ ንዝረት ግን ይደርሰዋል። ስለዚህ ለትንሹ ሥራ ተገኘለት፤ ኮቴውን ሳያሰማ እንዲራመድ። «ሱታ፣ ሱታ» ይለዋል መሪያችን። በኦሮምኛ ቀስ ማለት ነው። ይህች ቃል አሁን ቤታችን ገብታለች፤ ሌሊት ሽንት ቤት ሲሄድ እንኳ «ሱታ፣ ሱታ» እያለ ነው።

ዓሣው የመጣው ሳናስበው ነው። ልጄ ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ጀርባ ውኃው በሚዘገይበት ቦታ አሳረፈች፤ ገመዱ ትንሽ ወረደና ቀጥ አለ። አልጮኸችም። አፏን ከፍታ ዘንጓን ብቻ ወደ ላይ ያዘች። መሪያችን መረቡን ከታች አስገብቶ ዓሣዋን ውኃ ውስጥ እንዳለች ያዛትና መጀመሪያ ሁላችንንም እጃችንን አስነከረን፤ ደረቅ እጅ የዓሣን ቆዳ የሚሸፍነውን ልጥልጥ ነገር ይልጠዋል። ከስንዝር ጥቂት የምትበልጥ ቀስተ ደመና ትራውት ነበረች፤ ከጉንጯ እስከ ጅራቷ ሮዝ መስመር ተስቦባታል፣ ጀርባዋ በጥቁር ነጠብጣብ ተሞልቷል። ትንሹ በአንድ ጣቱ ነካትና «ትተነፍሳለች» አለ በሹክሹክታ። እሾህ የሌለው መንጠቆ በጣት ሲነካ ወለቀ። ራሷን ወደ ወራጁ አዙሮ ለቀቅ አድርጎ ያዛት፤ ጅራቷን ሁለት ጊዜ አወዛወዘችና ሄደች። ዕለቱ ዓርብ ስለነበር ዓሣ ፍስክ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ከአያታቸው ጋር ሳይነሳ ቀረ።

ይበልጥ የማመሰግነው ግን ከዚያ በኋላ ስላደረገው ነው። እኔ ተሟሙቄያለሁ፤ ወንዙ ላይ ሌላ ቦታ እንሞክር እላለሁ። እሱ ማጠንጠኛውን እያጠነጠነ ገመዱን ሰበሰበ። «እግራቸው ቀዝቅዟል። ግማሽ ሰዓት ብንጨምር ማታ የሚያወሩት ስለ ብርዱ ነው» አለኝ። የሙሉ ቀን ከፍዬ ዘንጉ ውኃ ላይ የቆየው አርባ ደቂቃ ቢሆን ነው። ትንሽ ከነከነኝ፣ አልደብቅም። ሆኖም ቀሪውን ጊዜ አልበላብንም፤ ፀሐይ ላይ አስቀምጦ ጫማቸውን አደረቀ፣ ቆሎ አበላቸው፣ ከሰዓት በኋላ ጋይሳይ ሜዳ ወስዶ የደጋ አጋዘን አሳያቸው። ማታ ደግሞ ማደሪያችን መጥቶ ምድጃው አጠገብ ዝንብ ሲሠራ እንዲያዩ አደረገ። ላባው የገብስማ ዶሮ ነው። መንጠቆውን በፒንሳ ይዞ ላባውን በክር ሲጠመጥመው ጥቁርና ነጩ ዝንጉርጉር ዙሪያውን ቆመና የዝንብ እግር መሰለ። ለካ ውጭ አገር በውድ የሚሸጠው ላባ የእኛ ሰው ለወጥ ሲል ነጭቶ የሚጥለው ነው።

ለመሄድ ላሰባችሁ ጥቂት ነገር። የፓርኩን መግቢያና የማጥመጃ ፈቃዱን ዲንሾ ጽሕፈት ቤት ከፍላችሁ ደረሰኝ ያዙ። የመንገዱን ሁኔታ ከመነሳታችሁ በፊት አጣሩ። በጋው ይሻላል፤ ክረምት ወንዙ ይደፈርሳል። የልጅ ቦቲ ከአዲስ አበባ ይዛችሁ ሂዱ፤ መሪያችን የልጅ ልክ የለውም፣ የእኔዎቹ በሸራ ጫማ ገብተው እግራቸው ረጠበ። የልጅ ዘንግም የለውም፤ የእኛዋን ነው የተጠቀምነው። የሌሊቱ ብርድ ቀልድ አይደለም። ዕድሜያቸው ከአምስት በታች ለሆኑ ልጆች ሳህኑና ድንጋዩ ይበቃቸዋል፤ ዘንጉን አትቸኩሉበት። መሪውን የፈለገ በግል ይጻፍልኝ፤ ማኅበሩ ጋ በምን ሰዓት እንደሚገኝና እንዴት እንደሚለይ እነግረዋለሁ። ተራው ካልሆነ ጓደኞቹንም እንዳትንቁ፤ ሥራውን አብረው እንደተማሩት ነግሮኛል።

የእኛ ቤት የፋሲካ ዶሮ ገብስማ እንዲሆን ልጄ ከወዲሁ አዝዛለች። ላባው በፖስታ ታሽጎ በሮቤ አውቶቡስ ይላካል፤ አድራሻውን ራሷ እጽፋለሁ ብላለች፣ ከላዩም «ገለቶማ» የሚለውን ቃል። ፊደሉን ሦስት ጊዜ ተለማምዳዋለች።