የእማዬ ዓይን ነጭ አይደለም፦ ስለ አንድ የሐዋሳ የዘይት ቀለም ኮርስ

ሐዋሳ ውስጥ አንድ ሰዓሊ ቤታቸው የሚሰጡትን የዘይት ቀለም ኮርስ ጨረስኩ። የምወቅሰው ነገር ስላለ ስማቸው ይቅር። ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፣ 8 ሳምንት፣ ሸራና ቀለም በራስ ወጪ። አንድ የሰው ፊት ከፎቶ ይሠራል፤ እኔ የእማዬን ወሰድኩ።

መጀመሪያ ሊያናድደኝ ነበር። 3 ሳምንት ሙሉ በአንድ ቡናማ ቀለም ብቻ፣ በተርፐንታይን (ቀለም ማቅጠኛ ፈሳሽ) እያቀጠንን፣ ጥላና ብርሃን መለየት። "ዓይንህን ጨፈን አድርገህ እይ" ይላሉ ጋሼ። እውነትም ጨፈን ሲያደርጉት ሽፋሽፍቱ ምኑ ይጠፋና የጥላው ቅርጽ ብቻ ይቀራል።

ገንዘቤን ያልቆጨኝ ግን ቀለም ስንጀምር ነው። ዩቲዩብ ላይ ያየሁት ሁሉ የፈረንጅ ቆዳ ነው፣ እማዬ ደግሞ ጠይም ናት። ጥላዋን በጥቁር ሞላሁት፣ ከሰል የተቀባች መሰለች። ጋሼ ጥቁሩን ከእጄ ነጠቁና በርንት ሲዬና የሚባለውን ቀላ ያለ ቡናማ አልትራማሪን ከሚባለው ጥልቅ ሰማያዊ ጋር ቀላቀሉ፤ ጥቁር ይመስላል ግን ደም አለው። ግንባሯ ላይ ያለው ብልጭታም ትንሽ ሰማያዊ ገባበት፣ ምክንያቱም ፎቶውን ያነሳኋት ደጅ ጥላ ሥር ስለሆነ ቆዳዋ የሚያንጸባርቀው ሰማዩን ነው። የዓይኗን ነጭ በነጭ ስቀባውማ ጅብ ያየች መሰለች! ግራጫ ስናደርገው ተመለሰች።

አሁን ወደ ወቀሳው። ክፍሉ አንዲት ትንሽ መስኮት ናት ያለችው፣ ተርፐንታይኑ ራስ ያዞራል። ከዚያ የባሰው ብሩሽ የምንጠርግበት ጨርቅ ነው፣ ጠረጴዛ ሥር ካርቶን ውስጥ ይከመራል። ቀለሙ የሚለወስበት የተልባ ዘይት (አዎ፣ ያው የምንጠጣው ተልባ) የሚደርቀው ከአየር ጋር ተዋህዶ ነው፣ ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተከመረ ጨርቅ ደግሞ ሙቀቱን አፍኖ ይዞ ክብሪት ሳይነካው ሊነድ ይችላል። ብነግራቸው "ስንት ዓመቴ፣ ምንም ሆኖ አያውቅም" አሉኝ። በሳምንቱ ክዳን ያለው ቆርቆሮ ይዤ ሄድኩና ውኃ ሞላሁበት። ሳይወዱ ተጠቀሙበት።

የምትሄዱ ከሆነ ሥዕሉን ሳይደርቅ እንዳትወስዱት። እኔ ቸኩዬ በባጃጅ ወሰድኩትና የመንገዱ አቧራ ሁሉ ጉንጯ ላይ ተለጠፈ። እማዬ መነጽሯን አድርጋ ቆይታ አየችውና "ማድያቴ እንዲህ ይታያል እንዴ?" አለችኝ።